ከአሜሪካው መርፌ በፊት የኮንጋውን መቁጠር

የቡና ለቀማ በደረሰ ቁጥር እናቴ ትታመማለች። ኮንጋ ውስጥ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለንም። ጥቅምት ገብቶ እሸቱ መቅላት ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ወደ ማሳው ሲወርድ፣ እሷ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ መስኮቱን ዘግታ ትተኛለች። ብርሃን አይሆንላትም፤ የልጅ ጫጫታ አይሆንላትም። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆላው የኖረችው ቡና ሽታው ያስመልሳታል። በቡና ስሙ በተጠራ ቀበሌ እየኖሩ ከቡና ጭስ መሸሽ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ድሮ “ምች ነው” ይሏት ነበር። ዳማ ከሴ ታሽቶላታል፣ ጸሎት ተደርጎላታል። ማይግሬን ብሎ ስሙን የነገራት የጤና ባለሙያ የተገኘው ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ለቀማው ሊጀመር ሲል አሜሪካ የምትኖረው አክስቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። እስክሪብቶ የምትመስል መርፌ ናት። “በወር አንዴ ራሴው ሆዴ ላይ እወጋታለሁ፤ ራስ ምታት ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ” አለችኝ በድምፅ መልዕክት። ከዚያ ቀጠለች፦ “ለእናትሽም እንጀምርላት። ግማሹን እኔ እችላለሁ፣ ግማሹን እናንተ ተረዳዱ።”

ታላቅ ወንድሜ ይህን በሰማ ማግሥት መንገድ ዳር ያለችውን የቡና ማሳ ለሦስት ዓመት በኮንትራት የሚወስድ ሰው ማነጋገር ጀመረ። እማዬ ዝም አለች። ወንድሜ ለእኔ ደወለና “ኢኮኖሚክስ የተማርሽው አንቺ አይደለሽ? ቁጭ በይና አስዪው” አለኝ። ተመርቄ ቋሚ ሥራ የሌለኝ፣ እዚህም እዚያም የምጽፍ ሰው ነኝ። የተማርኩት ነገር ለቤተሰቤ የሚጠቅምበት ቀን መጣ ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

መጀመሪያ መርፌዋ ምን እንደሆነች ላስረዳ። ማይግሬን ሲነሳ፣ ፊታችንንና የአንጎላችንን ሽፋን የሚያዳርሰው ትልቁ ነርቭ ሲጂአርፒ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቅቃል። ይህ ንጥረ ነገር የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የሕመሙንም መልዕክት ያጎላዋል። ነገሩን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኑ የነበሩት ላርስ ኤድቪንሰንና ፒተር ጎድስቢ፣ ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር በ2021 “ብሬን ፕራይዝ” የተባለውን ሽልማት ወስደዋል። ከዚያ ጥናት የተወለዱት መርፌዎች ሲጂአርፒን ራሱን ወይም የሚያርፍበትን በር ይዘጋሉ። አክስቴ የምትወጋው ኤሬኑማብ፣ በንግድ ስሙ ኤሞቪግ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ፍሬማኔዙማብና ጋልካኔዙማብ ተከተሉ፤ በ2020 ደግሞ በደም ሥር የሚሰጠው ኤፕቲኔዙማብ። ሁሉም የተነሳን ሕመም ለማስታገስ ሳይሆን እንዳይነሳ፣ ወይም ሲነሳ እንዲሳሳ አስቀድመው የሚወሰዱ ናቸው።

ወንድሜ የሰማው ሌላም መርፌ አለ፤ ቦቶክስ። እኛ አገር ስሙ የሚነሳው ከፊት መጨማደድ ጋር ነው፤ ሥር ለሰደደ ማይግሬን ግን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2010 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ሥር የሰደደ የሚባለው ከሦስት ወር በላይ፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስ ሲታመም፣ ከነዚያ ውስጥም ቢያንስ ስምንቱ የማይግሬን ጠባይ ሲኖራቸው ነው። ቦቶክስ ከግንባር እስከ ትከሻ 31 ቦታ፣ በየ12 ሳምንቱ ይወጋል። ከኮንጋ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ያን መንገድ በዓመት አራት ጊዜ፣ የመኪና ሽታ ለሚያስመልሳት ሴት፣ በአውቶቡስ? ወንድሜ ራሱ ይህን ስነግረው ተወው።

ወደ ስሌቱ እንግባ። ኤሞቪግ ገበያ ላይ ሲወጣ የተለጠፈበት ዋጋ በወር 575 ዶላር፣ በዓመት 6,900 ዶላር ነበር። አክስቴ ይህን ከኪሷ አትከፍልም፤ ኢንሹራንሷ ነው የሚከፍለው። ለእኛ ለመላክ ግን ከኪሷ ልትገዛ ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር በነበረበት ጊዜ የአንድ ወሩ 33 ሺህ ብር ገደማ ይሆን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር መቶ ብርን አለፈ። ለስሌት እንዲቀል መቶ ብቻ ብለን ብንይዘው እንኳ 57,500 ብር ለአንዲት መርፌ።

ዋጋውን ማወቅ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ገንዘቡ ምን ይገዛል? ሥር የሰደደ ማይግሬን ባለባቸው ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኤሬኑማብ ሙከራ አለ። መርፌውን ያገኙት ሰዎች የማይግሬን ቀናቸው በወር በአማካይ በ6.6 ቀን ቀነሰ። ደስ ይላል። መድኃኒት የሌለበት ባዶ መርፌ የተወጉት ደግሞ በ4.2 ቀን ቀነሰላቸው። ልዩነቱ 2.4 ቀን ነው። የቦቶክስም ነገር ይመሳሰላል፤ የሁለቱ ትልልቅ ሙከራዎች ውጤት ሲደመር የራስ ምታት ቀን ቅናሹ 8.4፣ በባዶው መርፌ 6.6።

የባዶ መርፌ ነገር ለእኛ ሰፈር ሰው ብዙም አይገርመውም። ኮንጋ ውስጥ መርፌ ያልተወጋ ሰው “ታክሜያለሁ” አይልም። ክኒን ብቻ አስይዞ የመለሰውን ሐኪም “ናቀኝ” ይለዋል።

575ን ለ2.4 ሳካፍል፣ አንዲት ተጨማሪ ጤነኛ ቀን 240 ዶላር ገደማ ወጣች። 24 ሺህ ብር። የቡና ለቃሚ የቀን ክፍያ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ይህን ቁጥር አይቶ ላፕቶፑን ይዘጋል፤ እኔም ልዘጋ ነበር። ግን አማካይ ያታልላል፣ ይህን ያስተማሩኝ አንደኛ ዓመት ላይ ነው። በዚያው ሙከራ መርፌውን ካገኙት 10 ሰዎች አራቱ ገደማ ሕመማቸው በግማሽና ከዚያ በላይ ቀንሶላቸዋል፤ ባዶውን ከተወጉት ግን ከ10 ሁለት ከፍ የሚሉት ናቸው። አክስቴ ከአራቱ አንዷ ናት ማለት ነው። እማዬ ከየትኞቹ እንደምትሆን ሳይሞከር አይታወቅም። የማሳዋ ኮንትራት ደግሞ የሚፈረመው ከሙከራው በፊት ነው።

የማቀዝቀዣውም ጣጣ አለ። መርፌዋ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለባት፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ የምትቆየው ቢበዛ ሰባት ቀን ነው። በሻንጣ መጥታ ቦሌ ብትደርስ፣ ከቦሌ ኮንጋ ብትደርስ፣ ከዚያስ? እኛ ቤት ማቀዝቀዣ የለም። ባለ ሱቋ ጎረቤታችን ለስላሳ የምታቀዘቅዝበት አላት፤ መብራት ሲኖር። 57,500 ብር ከሚሪንዳ ጎን ተቀምጦ ታየኝ።

ይህን ሁሉ ካሰላሁ በኋላ ነው ትልቁን ነገር እንደዘለልኩት የገባኝ። እማዬ ያለባት ማይግሬን ብቻ አይደለም። አስም አለባት፣ ከልጅነቷ። ደም ግፊት ከተገኘባት ሦስት ዓመት አልፏል። የጨጓራዋን ነገር ደግሞ አታንሱት። እኔ ሠንጠረዥ ውስጥ ለእነዚህ አንድም ዓምድ አልነበረም፤ ዋጋ፣ ቀን፣ ምንዛሪ፣ አበቃ።

ዓምዶቹን ስጨምር ነገሩ ሁሉ ተለዋወጠ። ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎልን ውሰዱ። ርካሽ ነው፣ ማይግሬንን ለመከላከል በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው፣ ደም ግፊትም ይቀንሳል። በአንድ ወጪ ሁለት ጥቅም! ብዬ ልጮህ ስል ለአስም ሕመምተኛ እንደማይሰጥ አነበብኩ፤ የአየር ቧንቧን ያጠብባል። የአክስቴ ኤሬኑማብስ? ከተፈቀደ በኋላ ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበታል፤ አንዱ ለከባድ ችግር የሚዳርግ የሆድ ድርቀት ነው፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2020 የተጨመረው፣ ደም ግፊት ሊጀምር ወይም ሊባባስ ይችላል የሚለው ነው። አክስቴ ግፊት የላትም። ለእሷ የሠራው መርፌ ለእህቷ ሌላ መርፌ ነው። ቦቶክስ በአስም ምክንያት ብቻ አይከለከልም፤ ግን ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ያለበት ወይም አስቀድሞ የመዋጥና የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው ጥንቃቄ ያሻዋል። እንደ ጀንታማይሲን ያለ፣ እኛ አገር በብዛት የሚታዘዝ አንቲባዮቲክም ኃይሉን ሊጨምረው ስለሚችል ለሐኪሙ መንገር ግድ ነው።

የራሴንም ጉዳይ እግረ መንገዴን ላንሳ። እኔም የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ግማሽ ራሴን ያመኛል፤ ማይግሬን በዘር ይሄዳል። በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት ደግሞ ዓምዱ ሌላ ነው። ቫልፕሮኤት የሚባለው ማይግሬን መከላከያ በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ይጎዳል። አዲሶቹ መርፌዎችም ከሰውነት ተጠርገው ለመውጣት ወራት ይፈጅባቸዋል፤ ልጅ ያሰበች ሴት ከወራት በፊት ማሰብ አለባት ማለት ነው። እናትና ልጅ ሆነን እንኳ ስሌታችን አንድ አይደለም።

ኅዳር ላይ፣ ለቀማው ሲጋጋል፣ እማዬን ወደ ዲላ ይዣት ሄድኩ። ሠንጠረዤን በስልኬ ይዤ፣ ስለ ሲጂአርፒ ላስረዳ ተዘጋጅቼ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ሲሰማኝ ቆየና ወደ እማዬ ዞረ።

“እናቴ፣ ባለፈው ወር ስንት ቀን የሕመም ማስታገሻ ወሰዱ?”

“ሲያመኝ ብቻ ነው እንጂ አላበዛም።”

“ስንት ቀን ያምምዎታል?”

“ሁልጊዜ።”

ሐኪሙ ሳቀ፤ እማዬም ሳቀች። እኔ ነኝ ያልሳቅኩት። ሄዳችሁ ቁጠሩና ተመለሱ አለን።

ቤት ገብተን ቆጠርን። ከኮንጋ ወጣ ብሎ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ አለ። እማዬ ሲብስባት እዚያ ሄዳ “መርፌዬን” ትላለች፤ ይወጓታል፤ በሰዓቷ ተሻሽላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። መርፌው ዳይክሎፌናክ ነው። የዋጋው ነገር ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም ስለማይርቅ እኛም እንደ ወጪ አናየውም። ካርዷ ላይ በጥቅምት ብቻ 11 ጊዜ ተጽፏል። ክሊኒክ ባልሄደችባቸው ቀናት ደግሞ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ከሱቅ። ስንደምረው 23 ቀን ሆነ።

እንዲህ ያሉትን ማስታገሻዎች በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር የወሰደ የማይግሬን ሕመምተኛ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታቱን ያበዛበታል። ኤርጎታሚን ያለባቸውና ሌሎች ጠንከር ያሉት ላይማ 10 ቀን ይበቃል። ዳይክሎፌናክ ክፉ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም፤ ማይግሬን ሲነሳ በእርግጥ ያስታግሳል፣ ክሊኒኩም የሚሰጣት የጠየቀችውን ነው። ግን ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ አንዳንድ አስም ያለባቸውን ሰዎች ደግሞ አስማቸውን ያስነሳባቸዋል። የእማዬን በሽታዎች አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ከዚህ ዝርዝር ጋር አስተያዩት። እኔ የአሜሪካውን መርፌ ጎጂና ጠቃሚ ጎን በአስርዮሽ ሳሰላ፣ በወር 11 ጊዜ የምትወጋውን አንድም ቀን አላሰላሁትም። ርካሽ ስለሆነ።

እማዬ ብቻዋን አይደለችም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መስቃንና ማረቆ ውስጥ ቤት ለቤት ዞረው ከ60 ሺህ በላይ የገጠር ሰው የነርቭ ሕመም ይኑርበት አይኑርበት ሲያጠኑ፣ ራስ ምታት የከተማ ሰው ቅንጦት እንዳልሆነ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሌላ አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ በዓመት ውስጥ ማይግሬን ያለበትን አዋቂ 17.7 በመቶ፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን የሚያመውን 3.2 በመቶ አድርሶታል። ከመቶ ሦስት ሰው ማለት በእኛ ቀበሌ እንኳ ብዙ ሰው ነው። የነርቭ ስፔሻሊስት በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው የት ሄዶ ይታከማል? “መርፌዬን” የሚልበት ቦታ ነዋ።

ዲላ ተመለስን። ሐኪሙ ልቧን በማሽን አየ፣ ግፊቷን ለካ፣ የግፊት መድኃኒቷን አምሎዲፒን እንድትቀጥል አደረገ። ለማይግሬኑ አሚትሪፕቲሊን፣ የ25 ሚሊግራሙን ግማሽ፣ ማታ ማታ። እሱም ቢሆን ከጣጣ ነጻ አይደለም፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል። የልብ ችግርና ግላኮማ ላለበት ያሰጋል፤ ልቧን ያየው ለዚህ ነው። ካንዴሳርታን የሚባል ግፊትንም ማይግሬንንም የሚይዝ መድኃኒት እንዳለ ነገረን፤ የጠየቅናቸው ፋርማሲዎች ግን አልነበራቸውም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ቆመ። ሲብስ ፓራሲታሞል ከማስመለስ መከላከያ ጋር፣ በሳምንት ከሁለት ቀን ላይበልጥ። ቡና? “ጠዋት ሁለት ስኒ፣ ቀስ እያሉ ይቀንሱ፣ በአንዴ ካቆሙት እሱም ራስ ያሳምማል።” የይርጋጨፌን ሴት ቡና ቀንሺ ማለት! እማዬ ከዚህ ሁሉ ያዘነችው በዚህኛው ነው።

የሚገርመው፣ ካርዱም አሚትሪፕቲሊኑም በጤና መድን ደብተራችን ተሸፈነ። በየዓመቱ መዋጮ የምንከፍልበትን ደብተር ሳጥን ውስጥ ቆልፈን ለዓመታት ከኪሳችን መርፌ ስንገዛ ኖረናል።

ማስታገሻ ሲቆም መጀመሪያ ይብሳል ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። ማስጠንቀቅና ማየት ግን ይለያያል። ሁለት ሳምንት እማዬ ከአልጋ አልወረደችም ማለት ይቻላል። ለቀማው ላይ ነን፤ ሰው ያስፈልጋል፤ ወንድሜ ከማሳ ሲመለስ አያናግረኝም። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ “ልጇ ተምራ መጥታ መርፌ ከለከለቻት” ሲባል ከጓዳ እሰማለሁ። አክስቴ በየቀኑ ትደውላለች፤ “ልላክ እንዴ?”

በአምስተኛው ቀን ሌሊት እማዬ እጄን ያዘችና “ልጄ፣ ዛሬን ብቻ አስወጊኝ፤ ከዛሬ ወዲያ አልልሽም” አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲነጋ ነጠላዋን አልብሼ እስከ አጥሩ በር ይዣት ወጥቻለሁ። ክርክር የሚባል ነገር አልነበረኝም። የተመለሰችው እሷ ናት። በሩን ይዛ ትንሽ ቆመችና ዞራ ገባች። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ከባንክ የተሰጠን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አለ። ራሷን ባመማት ቀን እስክሪብቶ ይዛ መስመር ታሰምርበታለች። በታኅሣሥ 19 መስመር ነበር። በጥር 15፣ በየካቲት 12። ግፊቷ እንደ በፊቱ አይወጣም፣ ጨጓራዋም ጋብ ብሏል። ይሄ ሁሉ ከመድኃኒቱ ነው ማለት ግን አልችልም። ለቀማው አልቋል፣ ፀሐይና ረሃብ ቀንሷል፣ በሰዓቱ ትተኛለች። ካለፈው ዓመት የካቲት ጋር እንዳላወዳድር ያን ጊዜ ማንም አልቆጠረም። አንድ ሰው ደግሞ ሙከራ አይሆንም። ጥቅምት ሲመጣ እናያለን።

12 ቀንም ቢሆን ብዙ ነው። የአክስቴን ሐሳብ ለሐኪሙ ስናነሳለት አልዘጋውም፤ አሚትሪፕቲሊኑ በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክሮ ካልበቃት፣ ግፊቷም ተይዞ ከቆየ፣ ከእነዚያ መርፌዎች አንዱ ሊታሰብ ይችላል አለ፤ ግፊቷን በየጊዜው እየለኩ። አሜሪካ ያለው የራስ ምታት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 እነዚህን መድኃኒቶች ከመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች ተርታ አስገብቷቸዋል፤ በጥሩ ምክንያት ነው። እኛ ጋ ግን የመጀመሪያ የሚሆኑት ዋጋቸው፣ ማቀዝቀዣውና ግፊቱ ሲፈቅድ ነው። ወንድሜ ማሳዋን በኮንትራት አልሰጠም። ሰውየው ዘንድሮም ይጠይቀዋል።

ትናንት ደወልኩላት። “በዚህ ሳምንት ሁለት መስመር ነው” አለችኝ። “ሁለተኛዋ ግን አጭር ናት፤ ጠዋት ተነስታ ከሰዓት ለቀቀችኝ። ግማሽ አድርጌ ባሰምራትስ?”

ሙሉ አድርጊው አልኳት።